ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ

ላፕቶፑ ከካርቶኑ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ እንዳለ ነበር። ልላጠው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይታይ» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይየው ማለቷ ነው። ሰቆጣ ባለው ቤታችን የዩኒቨርሲቲ ምርቃቴን ምክንያት አድርገው የተጠሩ ሰዎች ተሰብስበዋል። እኔ ሰው ሲበዛ የት እንደምቆም ስለማላውቅ ጓዳው በር ላይ ተለጥፌ ነበር። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ሲዞር ማመስገኑን እንኳ ሳልጨርስ አንገቴን ደፋሁ።

«እህትሽ ናት የላከችው» አለች እናቴ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ስትመረቅ ስጫት ብላ። ይኸው አደራዬን ተወጣሁ።»

ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ላፕቶፑን የላከችው ለምርቃቴ ብላ በቅርቡ መስሎኝ ነበር። ካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ጥቂት የጤፍ ፍሬዎች ተሰግስገው አየሁ። ገጠር፣ ጋዝጊብላ ወረዳ፣ አጎቴ ጎተራ ውስጥ አስቀምጣው እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። ጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ያለውን ያልደበቀበት ቦታ ስላልነበረ ነገሩ አልገረመኝም። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ተጨማሪ መጠየቅም አልሆነልኝም። በኋላ እህቴ ጋ ደውዬ ሳመሰግናት «ዛሬ ነው ትዝ ያልኩሽ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈለግሁ። የጽሑፍ ፈተና አልፋለሁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ እወድቃለሁ። አምደወርቅ ከተማ ለመምህርነት ሄጄ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሦስት ጊዜ «አልሰማንሽም» ሲለኝ የማውቀው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። እህቴ ይህን ሰምታ ለእናቴ ቁርጡን ተናገረች። «እስከ ፋሲካ ሥራ ካላገኘች ወደ እኔ ትምጣ። ከእመቤቴ ጋ ተነጋግሬያለሁ።» እናቴ መልሱን ለእኔ ተወችው። እኔ ዝም አልኩ። በቤታችን የእኔ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራል።

ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው ያ ሥራ የተገኘው። በኽምጣና፣ በእኛው አገር ቋንቋ፣ የተቀዱ የሽማግሌዎች ትረካዎችን እያዳመጡ መጻፍ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ያደግሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው፤ የተማርኩትም ቋንቋ ነው። ፈተናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጽሑፍ ነበር። ሥራው ቤት ተቀምጦ የሚሠራ በመሆኑ ፊቴን የሚያይ ሰው የለም። አልፈሻል የሚለው መልእክት ሲደርሰኝ ለእናቴ ከመንገሬ በፊት አራት ጊዜ አነበብኩት። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሠራተኛ በኢንተርኔት ገብታ ኮምፒውተሬን ታያለች፣ ከዚያ እፈርማለሁ።

ውሉን ስመለከት ጠንቃቃ ነበርኩ። ስለ ዕረፍት ቀን የሚለውን፣ ስለ ምሥጢር ጥበቃ የሚለውን፣ ሁሉንም ደጋግሜ አየሁ። ስለ መሣሪያ የሚለውን ገጽ ግን እንደ ነገሩ አለፍኩት። ላፕቶፔ አዲስ ነዋ።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ለሰኞ ልዘጋጅ ብዬ፣ በዚያ ገጽ ላይ የታዘዘችውን ትንሽ የመፈተሻ ፕሮግራም ጫንኩ። ኮምፒውተሩ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ይችል እንደሆነ የምታጣራ ናት። አሮጌው ዊንዶውስ የደኅንነት ማሻሻያው ስለቆመ ቀጣሪው ድርጅት በእሱ ማሠራት አይፈልግም። ቁልፉን ነካሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም አለችኝ። ከሥሩ ሁለት ቀይ ምልክቶች ነበሩ።

ደንግጬ ክዳኑን ዘጋሁት። ከፍቼ እንደገና አስጀመርኩ። ያው ሁለት ቀይ። ጠርዙን፣ ቁልፎቹን፣ ምንም ጭረት የሌለበትን ጀርባውን አየሁ። ከካርቶኑ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነው። እናቴ እንዲህ ስገለባብጠው አየችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«አልቀበልም አለ፣ እማ።»

«ማን?»

«ላፕቶፑ። አዲሱን ዊንዶውስ። አርጅቷል ነው የሚለው።»

ሽሮ ስትነፋ ነበር፤ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ያልተነካ ዕቃ?» አለች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ልሄድ ስል ሳልጠራት ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

ጠጋኙ በፊት ሬዲዮና ቴፕ ይሠራ የነበረ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ሱቁ ከአንድ ሰው በላይ አያስቀምጥም። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ነገሩን ከየት እንደምጀምር ሳስብ እናቴ አልፋኝ ገባች።

«አዲስ ነው፤ አሮጌ ነህ እያለው ነው» አለችው።

«ማነው እንዲህ የሚለው?»

«እሱው ራሱ ነዋ!»

ጠጋኙ እኔን አየ። በአጭሩ አስረዳሁት። ላፕቶፑን ከፍቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብ ጀመር።

«ራሙ ስምንት ጊጋ ነው፤ ተርፎታል። ዲስኩም ይበቃዋል። አንደኛው ቀይ የደኅንነት ቺፕ ነው። ቁልፍና ምሥጢር የሚያስቀምጥበት ኪሱ በይው። እሱ አለው፤ ግን ተኝቷል።»

«ይቀስቀሳ!» አለች እናቴ።

«ልቀሰቅሰው ነው፣ እናቴ። ይታገሡኝ።»

አጥፍቶ አበራው። ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ገባ፤ እዚያ የሆነ ነገር ለወጠና ወጣ። ፈተናውን ደገምነው። አንደኛው ቀይ አረንጓዴ ሆነ። እናቴ «ተመስገን!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። እኔም ከሐሙስ ቀትር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ደረቴ ተነፈስኩ።

ጠጋኙ ግን አልተደሰተም። ጣቱን ሁለተኛው ቀይ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ይኼኛው ፕሮሰሰሩ ነው» አለ። «ሰባተኛ ትውልድ ነው።»

«የማን ትውልድ?» አለች እናቴ።

«የዚህ። አንጎሉ ልበልዎት። ፋብሪካው በየጊዜው አዲስ ትውልድ ያወጣል። አዲሱ ዊንዶውስ ከዚህ ዘር የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው።»

በአንድ! ራሙ በቂ፣ ዲስኩ በቂ፣ ቺፑ ነቅቶ፣ በአንድ ትውልድ! እናቴ ደግሞ አገጯን ይዛ ታስብ ነበር።

«እስከ ሰባት አይሆንም፤ ከስምንት ይፈቀዳል?»

«አዎን።»

«እንደ ጋብቻ።»

ጠጋኙ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መፍቻው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «እውነትዎን ነው! ልክ እንደ ጋብቻ!»

እናቴ ግን አልቀለደችም። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ የፈረሰው ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት የጋራ ቅድመ አያት ስለተገኘች ነው፤ ያችን ሴት ቆጥራ ያገኘቻት ደግሞ እናቴ ናት። ስለዚህ እኔን እንዲያ ያስደነገጠኝ ደንብ እሷን አላስደነገጣትም። እንዲያውም ፊቷ ረጋ አለ። «ታዲያ ይኼማ ሕግ ነው» አለች። «መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉም?»

«ሕግስ ሕግ ነው፤ መዝለያ ግን አለው» አለ ጠጋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መፈተሻውን የሚያልፍ ዘዴ አለ። ለስንቱ አስገብቼለታለሁ። ደህና ይሠራል።»

«ሰባት ቤት ዘለህ ልትድር?»

«ኧረ እናቴ፣ ማሽን ነው!»

«ቢሆንስ? ነገ ቢታወቅ ልጄ ናት የምታፍረው።»

እኔም ዘዴውን አልፈለግሁትም፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። ያን እንደ ነገሩ ያለፍኩትን ገጽ ማታ ቁጭ ብዬ አንብቤው ነበር። ፈራሚዋ መሣሪያዋ መስፈርቱን እንደሚያሟላና ዊንዶውሱም በተፈቀደው መንገድ እንደተጫነ ታረጋግጣለች ይላል። ውሸት ላይ መፈረም አልችልም። ይህን ስነግረው ጠጋኙ ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ላፕቶፑን ገልብጦ ታች የተሠራበትን ዓመት የምትናገረውን ትንሽ ጽሑፍ አየ።

«መቼ ነው የተገዛው ይኼ?»

«አምና...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት» አለች እናቴ።

ዞሬ አየኋት።

«እና እስከ አምና ድረስ ስድስት ዓመት ምን ላይ ነበር?» አለ ጠጋኙ።

«ጤፍ ውስጥ።»

«ጤፍ ውስጥ?»

«ጤፍ ነቅዞ ያውቃል?» አለች እናቴ፣ አሁን ተቆጥታ። «ገብስ ውስጥ የቀበርኩት መሰለህ? እርጥበት እንዳይነካው በፌስታል፣ ከዚያ በስልቻ፣ ከዚያ ነው ጤፉ ውስጥ የከተትኩት። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጋዝጊብላ ወጥቼ አያለሁ። እስቲ አንድ የጎደለ ነገር አሳየኝ!»

«አንድም የጎደለ የለም» አለ ሰውዬው በለሆሳስ። «ይኼ ግን እህል አይደለም፣ እናቴ። ባይነኩትም ዓመቱ ይቆጠርበታል።»

ላፕቶፑን አቀፍኩና ከሱቁ ወጣሁ። እናቴ ከኋላዬ ስትከተለኝ የጫማዋን ድምፅ እሰማለሁ። ጦርነቱ ጊዜ ለጥቂት ወራት የተደበቀ ነበር የመሰለኝ። ስድስት ዓመት! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተሰልፌ ሳልደርስ ሲዘጋብኝ ላፕቶፑ ነበረ። መመረቂያ ጽሑፌን የክፍል ጓደኛዬ እራት በልታ እስክትመለስ ድረስ በእሷ ማሽን እየተሽቀዳደምኩ ስጽፍ፣ አንድ ምዕራፍ ጠፍቶብኝ እንደ አዲስ ስጀምር፣ የራሴ ላፕቶፕ ጋዝጊብላ ተኝቶ ነበር።

የገበያው መንገድ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ለምን፣ እማ?»

«ስትመረቅ ነው ያለችው።»

«በኋላስ ምንም አላለችሽም?»

እናቴ ነጠላዋን ጎተት አደረገች። «ብላኛለች። ሁለት ጊዜ ስጫት ብላኛለች። ኮሮናው መጥቶ ቤት የተቀመጣችሁ ጊዜ አለች። ጦርነቱ መጥቶ መንገድ የተዘጋ ጊዜም አለች።»

«እና?»

«እንዴት ልስጥሽ? አንቺ ደብተርሽን አቅፈሽ ከዛሬ ነገ ይጠሩናል ትያለሽ። ጎረቤቱ በቃ ተቋረጠ ይላል። ያኔ ከጤፉ አውጥቼ ብሰጥሽ፣ እኔም አትመረቅም ብዬ አመንኩ ማለት ነበር።»

ሰዎች በጎናችን ያልፋሉ፣ እኛ መሀል መንገድ ላይ ቆመናል።

«እህቴ ስትጠይቅሽስ ምን ትያት ነበር?»

«ማሽኑ ደህና ነው እላታለሁ። ደህና ነበራ!»

ይህን ስሰማ ሌላው ሁሉ ቀለለ። እህቴ ላፕቶፑ እጄ የገባ መስሏት ነበር ማለት ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግናት፣ በሰው አገር የሰው ወለል ጠርጋ የገዛችውን ተቀብዬ ዝም ያልኳት መስሏታል። ደውላ እናቴን ብቻ አናግራ የምትዘጋው፣ እኔ ስቀርብ ሥራ አለብኝ የምትለው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ የእሷን ዝምታ ድካም ነው እል ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ እመቤቷ በምትተኛበት ሰዓት፣ ደወልኩላት። ሳልፈራ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ፣ እታለም?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «ታዲያ በማን ኮምፒውተር ነው የተማርሽው?»

«በሰው።»

«እኔ እኮ ተቀይሜሽ ነበር። ተምራ ናቀችኝ ብዬ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያ በልቅሶና በሳቅ መሀል «ጤፍ ውስጥ! እማዬ አታደርግም አይባልም!» አለች። ትንፋሿ ሲመለስ ወዲያው እንደ ልማዷ ወሰነች። «ሌላ እልካለሁ። ዘንድሮ እመጣ ነበር፤ ይቅር፣ አንድ ዓመት ልጨምርና...»

«አይሆንም» አልኳት።

«ምን?»

«አይሆንም አልኩሽ። ነይ።»

ለታላቅ እህቴ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። እሷም እኔም ደነገጥን።

ያን ዕለት ለቀጣሪዎቼ ጻፍኩ። ማሽኔ ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም መስፈርት እንደሚያሟላ፣ ያ አንዱም ሊስተካከል እንደማይችል ገለጽኩ። ከዚህ የተነሣ ሥራውን ብትነፍጉኝ እረዳለሁ ብዬ ልዘጋው ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር አጠፋሁትና በምትኩ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ የተቋም ኮምፒውተር ባገኝ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቅዳሜ ማለዳ መልሱ መጣ። ማሽኑ የግልሽ መሆኑ ግዴታ አይደለም ይላል። መስፈርቱን ያሟላ፤ የራስሽ መግቢያ ይኑርሽ፤ የማሽኑ ኃላፊ በጽሑፍ ይፍቀድ።

ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ኮሌጅ አዲስ ኮምፒውተሮች መግባታቸውን ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነበር። ቅዳሜ የሳምንቱ መጨረሻ ተማሪዎች ስላሉ በሩ ክፍት ነው። እናቴ ልከተልሽ አለች፤ ብቻዬን ልሂድ አልኳት። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በአማርኛ አጠናሁ፣ ከዚያ በኽምጣና፣ ከዚያ እንደገና በአማርኛ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ምን ልታዘዝ፣ እኅቴ?»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። «ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር አላችሁ?» አልኩት።

ሻዩ ትን አለው። «ሰላምታስ?»

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ግን ቀጠልኩ። ስለ ሥራው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ድምፅ፣ ስለ ፋሲካና ስለ ዓረብ አገሩ ነገርኩት። ስለ ጤፉ ስደርስ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ወደ ውስጥ አስገብቶ አንዱን ማሽን ከፈተልኝ። አሥራ ሁለተኛ ትውልድ። አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፤ የደኅንነት ቺፑም ነቅቷል።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተማሪ አይገባበትም። የራስሽን መግቢያ እከፍትልሻለሁ፤ ወረቀቱንም እፈርምልሻለሁ» አለ። «አንድ ነገር ግን አስቸግርሻለሁ። እነዚህ የቅዳሜ ተማሪዎቼ በአማርኛ መተየብ አያውቁም። በሁለት ጣት ነው የሚለቅሙት። የሚያስተምርልኝ አጥቻለሁ።»

«ስንት ናቸው?»

«አርባ አካባቢ።»

በመስኮቱ አየኋቸው። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ነበሩ፤ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ገጠር አድረው የመጡ መምህራን። ይህን ሽሽት አልነበረም እንዴ ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ የፈለግሁት?

«እሺ» አልኩ። ማን እንደተናገረው እስኪጠፋኝ ድረስ ደነገጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ማሽን ፊት ተቀምጬ ሳለሁ የምትፈትሸው ሴት በተባለው ሰዓት ደወለች። ዊንዶውሱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ቺፑን፣ ራሙን፣ ዲስኩን አየች፤ እኔ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ነኝ። ሁሉም አረንጓዴ እስኪሆን አሁንም ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። «ተሟልቷል፤ ፈርሚ» አለችኝ። ከመፈረሜ በፊት ያችን የመሣሪያ ገጽ ቃል በቃል አነበብኳት። ሴትየዋ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። ፈረምኩ። የመጀመሪያውን ቅጂ ላኩልኝ፤ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው በኽምጣና ሰላምታ ሲሰጡ እስክሰማ ቆየሁና አቆምኩት። ለእናቴ መንገር ነበረብኝ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከክፍሉ ስወጣ በሩ ላይ ትኩስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኃላፊው ቃሌን እንዳልለውጥበት ሳይቸኩል አልቀረም። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የአማርኛ ትየባ ሥልጠና ይላል። ከሥሩ አሠልጣኝ ብሎ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ በትልልቅ ፊደል ጽፎታል። ከኋላዬ ሊገቡ የመጡ ሁለት ተማሪዎች «እኅት፣ አሳልፊን» እስኪሉኝ ድረስ በሩን ዘግቼ ቆሜ ስሜን አነብ ነበር።